የአስታማሚ ዓይን

አባቴ ከምሳ ገበታ ላይ ተዝለፍልፎ የወደቀ ዕለት ጎረቤት ተሯሩጦ መጣ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር አስጠጋለት፤ ሌላዋ ጠበል ይወሰድ አለች። የሁሉም ፍርድ አንድ ነበር፤ የሚጥል በሽታ። እናቴ ግን ዝም ብላ ታስተውል ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ያየችውን ለሐኪም ተናገረች።

«ሊወድቅ ሲል ፊቱ አመድ ይመስላል። የእጁ ትርታ ይጠፋል። ሲነቃ ደግሞ ፊቱ ደም ይለብሳል።»

ሐኪሙ ይህን እንደሰማ ልቡን በኤሌክትሮካርዲዮግራም መረመረው። ጥፋቱ ከአንጎሉ ሳይሆን ከልቡ ተገኘ።

ስሕተቱ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ የቆየ ታሪክ አለው። በ1827 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት አዳምስ ስለ አንድ የ68 ዓመት የቀረጥ ሹም ጻፈ። ሰውየው ደጋግሞ ራሱን ይስት ነበር፤ የልቡ ምት በደቂቃ 30 ያህል ብቻ ነበር። አዳምስ የመውደቁ ምንጭ አንጎል ሳይሆን ልብ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በ1846 የከተማው ልጅ ዊሊያም ስቶክስ ተመሳሳይ በሽተኞችን ገለጸ። ሕመሙም እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሣው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወደ ታችኛው ክፍል መድረስ ሲያቅተው ምቱ እጅግ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ለሴኮንዶች ይቆማል። ያን ጊዜ አንጎል ደም ያጣል፤ ሰውየው ይወድቃል።

ከስቶክስ በሽተኞች አንዱ ሕመሙ ሊመጣ ሲል ምልክቱን ያውቀው ነበር። ፈጥኖ በእጁና በጉልበቱ ይንበረከክና ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህም ብዙ ጊዜ ከመውደቅ ይድን ነበር። ሐኪሞች መፍትሔ ባልነበራቸው ዘመን በሽተኛው የገዛ ሕመሙን በማጥናት ራሱን ይረዳ ነበር ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላም ታሪኩን ወደፊት የገፋችው አስታማሚ ናት። ስዊድናዊው አርነ ላርሶን በ1958 የ43 ዓመት ሰው ነበር። በቀን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ልቡ እየከዳው ይወድቅ ነበር። ባለቤቱ ኤልሰ ማሪ የቀዶ ጥገና ሐኪሙን ኦከ ሴኒንግንና መሐንዲሱን ሩነ ኤልምክቪስትን መውጫ መግቢያ አሳጣቻቸው። በሰው አካል ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ገና አልተሠራም ቢሏት፣ እንግዲያውስ ሥሩ አለች። ኤልምክቪስት ባትሪውንና ትራንዚስተሮቹን ሊስትሮዎቻችን በሚይዙት ዓይነት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦ ሙጫ አፈሰሰበት። ጥቅምት 8 ቀን 1958 ስቶክሆልም አጠገብ ባለው በካሮሊንስካ ሆስፒታል ተተከለ።

የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ ቆመ፤ ተለዋጩም ብዙ አልሰነበተም። ሆኖም መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ላርሶን በዕድሜው ከ20 በላይ መሣሪያዎች ተቀያይረውለት እስከ 2001 ኖረ። በ86 ዓመቱ ሲሞት የገደለው ካንሰር እንጂ ልቡ አልነበረም። ኤልምክቪስት በ1996፣ ሴኒንግ በ2000 ቀድመውት አልፈዋል።

ለአባቴም የዚያ መሣሪያ የልጅ ልጅ ተተከለለት። የዛሬው ባትሪ ዓመታት ይቆያል፤ ቢሆንም ቀጠሮ ጠብቆ መታየት አለበት። እናቴ ማለዳ ማለዳ የእጁን ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ምቱ ሐኪሙ ከነገራት ቁጥር ካነሰ፣ ማዞር ከተመለሰ ወይም የተተከለበት ቦታ ከቀላና ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቅም። ሞባይሉን በደረት ኪሱ እንዲይዝ አትፈቅድለትም፤ ከመሣሪያው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ ተብላለች። የመሣሪያው መታወቂያ ካርድ ከኪሱ አይለይም። የኤም አር አይ ምርመራ ሲታዘዝለትም አስቀድሞ ይነግራል።

ጎረቤቶቻችንንም አስተምራለች። ሰው ራሱን ሲስት አጋድሙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ ትንፋሹን ተመልከቱ፤ ትንፋሽ ከሌለው እርዳታ ጥሩና ደረቱን መጫን ጀምሩ ትላለች። ከሁሉም በላይ ያያችሁትን አትርሱ፤ ሐኪሙ ሲወድቅ አላየውም፣ ያያችሁት እናንተ ናችሁ ትላለች።

ክብሪቱ ግን ለምድጃ ይቀመጥ።