ዶክተር ጋለፕና ሁለቱ ምርጫዎች

በአሜሪካ የምርጫን ውጤት አስቀድሞ በቁጥር የመናገር ሙያ ሲነሣ፣ ስማቸው ከሁሉ በፊት የሚጠራው ዶክተር ጆርጅ ጋለፕ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 በአዮዋ ስቴት ጄፈርሰን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ የተማሪዎቹን ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ለዶክትሬት ያቀረቡትም ጥናት፣ አንባቢ ከጋዜጣው ገጾች በእርግጥ የሚያነበው የትኛውን እንደ ሆነ የሚመረምር ነበር። እንግዲህ ወደ ፖለቲካው የገቡት በፖለቲካ በር አይደለም። ኒውዮርክ በሚገኝ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በፕሪንስተን የአሜሪካን የሕዝብ አስተያየት ተቋም መሠረቱ።

በዚያ ዘመን የምርጫ ነቢይ ተብሎ የሚታመነው ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሔቱ 10 ሚሊዮን ያህል የድምፅ ካርድ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት፤ ይህንንም ቆጥሮ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋሉ አለ። ስሞቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኑሮ ችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ካርዱን ሞልቶ ለመመለስ የሚተጋውም ሰው ዝም ካለው ጎረቤቱ የተለየ ነው። ጋለፕ መጽሔቱ ካርዶቹን ሳይልክ፣ በጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ ሞክረው፣ የሚደርስበትን የተሳሳተ ውጤት አስቀድመው በጋዜጣ አወጡ፤ አዘጋጁም እጅግ ተቆጣ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ስቴቶች 46ቱን ወሰዱ። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ1938 ተዘጋ። ወጥ በሚገባ ከተማሰለ አንዲት ማንኪያ ለቀማሹ ትበቃለች፤ ካልተማሰለ ግን ድስቱን ሙሉ ቢጠጡትም ጣዕሙ አይታወቅም።

ነገር ግን የጋለፕ ማንኪያ ራሱ ንጹሕ ነበርን? ተቋማቸው ለሩዝቬልት የሰጠው ከመቶ 56 እጅ ያህል ሲሆን፣ ሩዝቬልት ያገኙት ወደ 61 የሚጠጋ ነው። አሸናፊው በትክክል ስለ ተጠራ ይህን የ5 ነጥብ ጉድለት የመረመረው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ም ሆነ በ1944 ለሩዝቬልት የተገመተው ከተገኘው ያነሰ ነበር። ስሕተቱ በየጊዜው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ምክንያቱን ዕድል ነው ማለት አይቻልም። የአሠራሩ ድካም በኮታው ላይ ነበር፤ ይኸውም ጠያቂው ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ድኻ አነጋግር ተብሎ ይታዘዝና፣ በዚያ ወሰን ውስጥ ግን የሚያነጋግረውን ሰው ራሱ ይመርጣል። ሰው ደግሞ ደጁ የጸዳውንና አነጋገሩ የተቃናውን መምረጡ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ የኮንግረስ ኮሚቴ ጋለፕን በጠየቀ ጊዜ፣ ኮሚቴውን የረዱት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ይህንኑ ጠቁመዋል። ጋለፕ ግን በኮታው ጸኑ።

እ.ኤ.አ. በ1948 ዕዳው ተጠየቀ። ጋለፕ ለዲዊ 49.5፣ ለትሩማን 44.5 ከመቶ ተነበዩ። ሌላው የሙያው ሰው ኤልሞ ሮፐርማ ውድድሩ አልቋል ብለው ገና በመስከረም ውጤት ማውጣት ትተው ነበር። የጋለፕም የመጨረሻ ጥያቄ የተሰበሰበው በጥቅምት አጋማሽ ነው፤ በቀሩት ሳምንታት ሐሳቡን የቆረጠውን መራጭ ማንም አልጠየቀውም። ትሩማን ከመቶ 49.6 ያህል አግኝተው አሸነፉ። ጉድለቱ እንደ 1936ቱ ሁሉ 5 ነጥብ ያህል ነው፤ የመጀመሪያው ዝና፣ ሁለተኛው ውርደት አስከተለ።

ወዲያው የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት አንድ የሊቃውንት ኮሚቴ አቋቋመ። ጋለፕ መዝገባቸውን ለምርመራ ከፈቱ፤ በሙያው ታሪክ ካደረጉት ሁሉ የሚልቀው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያም ቀስ በቀስ ኮታውን ትተው፣ ሰፈሩና ቤቱ በዕጣ የሚመረጥበትን ናሙና ያዙ፤ ጥያቄውንም እስከ ምርጫው ዋዜማ ድረስ አራዘሙ። እ.ኤ.አ. በ1984 ስዊዘርላንድ ውስጥ አረፉ። ስማቸውን የያዘው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ሮምኒ በ1 ነጥብ ይመራሉ ብሎ ኦባማ አሸነፉ፤ በ2016ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫም ማን እንደሚመራ ሳይቆጥር ቀረ።