በሳንባ ላይ የሚታዩ ኖዱሎችን ለመለየት የሚያገለግሉ የምስል ምርመራ ዘዴዎች ንጽጽር

ኖዱል በመባል የሚታወቀው የሳንባ እባጭ በአየር በተሞላው የሳንባ ክፍል ውስጥ የሚታይ፣ ክብ ወይም ወደ ክብነት ያደላ ቅርጽ ያለውና ስፋቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ጥላ ነው። ከዚህ መጠን በላይ የሆነ እባጭ በካንሰርነት የመጠርጠሩ ደረጃ ከፍ ስለሚል ሌላ ስያሜ ይሰጠዋል። ኖዱል በራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት ሲሆን፣ የዳነ ቁስል ጠባሳ፣ በሥራ ላይ ያለ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ፣ የፈንገስ ሕመም አልያም ጀማሪ ካንሰር ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመምም ሆነ ሳል ስለማያስከትል የሚገኘው በምስል ምርመራ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ሥር ለሚኖረው ሕዝብ ይህ ጉዳይ የተለየ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር የቲቢ ጫና ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በእንጦጦ ተራራ ሥር የሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ለቲቢ ሕሙማን መታከሚያነት የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2001 ዓ.ም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምና መስጠት የጀመረውም ይኸው ተቋም ነው።

ከዚህም ሌላ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን የሚወርደው ጭራሮና ቅጠል ለረጅም ዘመን የከተማዋ ነዋሪዎች ማገዶ ሆኖ አገልግሏል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች መድቦታል። ስለሆነም በአንዲት እናት ሳንባ ላይ የታየ ጥላ ቲቢም ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ በቲቢነት ተገምቶ የ6 ወር መድኃኒት ቢሰጥ በቀዶ ሕክምና የመዳኛው ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። በአንጻሩ የቆየ የቲቢ ጠባሳ በካንሰርነት ቢገመት ደረት ያለ አግባብ ይከፈታል።

የደረት ራጅ

እ ኤ አ በ1895 በጀርመናዊው ሳይንቲስት ዊልሄልም ሮንትገን በተገኘው ጨረር የሚሠራው ራጅ ፈጣን፣ ዋጋው ዝቅተኛና ከሌሎቹ የጨረር መሣሪያዎች ይልቅ በስፋት የሚገኝ ነው። ለታካሚው የሚደርሰው ጨረርም 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ሦስት ገጽታ ያለውን ደረት በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ስለሚያነባብር ከልብ ጀርባና ከጎድን አጥንት ሥር ያሉ ኖዱሎች ይሸፈናሉ። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱትም ብዙ ጊዜ ያመልጡታል። ከፊት ለፊት ከሚነሳው በተጨማሪ ከጎን የሚነሳ ራጅ ችግሩን በከፊል ይቀንሳል።

ዲጂታል ራጅ ምስሉን በኮምፒዩተር ለማስቀመጥና ወደ ሌላ ተቋም ለመላክ ያስችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ ኤ አ በ2021 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሚደረግ የቲቢ ልየታ ዲጂታል ራጅ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሊነበብ እንደሚችል አመልክቷል።

ሲቲ ስካን

እ ኤ አ በ1971 በእንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ለሕክምና የዋለው ሲቲ ስካን ደረትን በስሱ እየከፋፈለ ስለሚያሳይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን ኖዱሎች ሳይቀር ያገኛል። የኖዱሉን ጠርዝና በውስጡ የተጠራቀመውን ካልሲየምም ይለያል። ካልሲየሙ መሃሉን ወይም መላውን ኖዱል የሞላ ከሆነ የዳነ ቁስል የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ሲሆን፣ ጠርዙ እንደ እሾህ የተበተነ ኖዱል ግን ካንሰርን ያስጠረጥራል።

መደበኛው የደረት ሲቲ ስካን 7 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ በዝቅተኛ ጨረር የሚሠራው ደግሞ 1.5 ሚሊሲቨርት ገደማ ጨረር ይሰጣል። በአሜሪካ 53 ሺህ 454 ነባር አጫሾች ተሳትፈውበት ውጤቱ እ ኤ አ በ2011 የታተመው ጥናት፣ በዝቅተኛ ጨረር ሲቲ የተመረመሩት በራጅ ከተመረመሩት ጋር ሲነጻጸሩ በሳንባ ካንሰር የሞቱት በ20 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን አረጋግጧል።

ይሁንና በዚያው ጥናት በሲቲ አጠራጣሪ ተብለው ከተመዘገቡት ውጤቶች 96.4 በመቶ የሚሆኑት ካንሰር አልነበሩም። ቲቢ በስፋት በሚገኝበት አገር ደግሞ ካንሰር ያልሆኑ ኖዱሎች ይበልጥ እንደሚበዙ ይጠበቃል። ከዚህም በላይ የጥናቱ መመዘኛ ሲጋራ ማጨስ በመሆኑ አጭሳ የማታውቀውንና በጭስ ውስጥ ምግብ ስታበስል የኖረችውን ሴት አያካትትም።

ፔት ስካን

ይህ ዘዴ መጠነኛ ጨረር ያለው ስኳር በደም ሥር ተሰጥቶ የትኛው ክፍል ስኳሩን በብዛት እንደሚጠቀም የሚያሳይ ነው። ካንሰር ስኳርን በብዛት ስለሚወስድ በምስሉ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሆኖም በሥራ ላይ ያለ ቲቢም በተመሳሳይ ሁኔታ ስለሚጎላ ዘዴው ሁለቱን ለመለየት ያለው አቅም ውስን ነው። ከ8 ሚሊ ሜትር ባነሱ ኖዱሎች ላይም ውጤቱ አስተማማኝ አይደለም። ዋነኛ ጠቀሜታው ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የተሰራጨበትን ደረጃ ማወቅ ነው።

ኤምአርአይና አልትራሳውንድ

ሁለቱም ጎጂ ጨረር የላቸውም። ይሁን እንጂ ሳንባ በአየር የተሞላና ዘወትር የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ኤምአርአይ ትናንሽ ኖዱሎችን በማሳየት ከሲቲ ስካን ያንሳል። የሚመረጠው ካንሰር ወደ ደረት ግድግዳ፣ ወደ ነርቭ ወይም ወደ አንጎል መድረሱን ለማየት ነው። የአልትራሳውንድ ሞገድም አየርን ስለማያልፍ የሚያገለግለው የደረትን ግድግዳ ለነኩ እባጮች፣ በሳንባ ዙሪያ ለተጠራቀመ ፈሳሽና መርፌን መርቶ ናሙና ለመውሰድ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከላይ ከተዘረዘረው ለመገንዘብ እንደሚቻለው ብዙ የሚያሳየው መሣሪያ ሁልጊዜ ብዙ ያስረዳል ማለት አይደለም። ቲቢ በሚበዛበት አካባቢ ተገቢው ቅደም ተከተል በደረት ራጅ መጀመር፣ ጥላ ሲገኝ አክታን በጂን ኤክስፐርት መመርመር፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ወይም ሕክምናው ለውጥ ካላመጣ ሳይዘገይ ሲቲ ስካን ማድረግ፣ ጥርጣሬው ከቀጠለም ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ነው። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ምስል ሳይሆን ናሙና ነው።

የቀድሞ ፊልም ጥቅም

ከሁሉም ዘዴዎች ወጪው አነስተኛ የሆነው አዲሱን ምስል ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ነው። ውስጡ ጠጣር የሆነ ኖዱል ለ2 ዓመታት መጠኑ ካልተለወጠ በአብዛኛው ካንሰር እንዳልሆነ ይወሰዳል። በሌላ በኩል ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያደገ ኖዱል በስፋት የጨመረው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢመስልም ይዘቱ እጥፍ ገደማ ሆኗል። ይህ ሊታወቅ የሚችለው የመጀመሪያው ምስል ሲገኝና ልኩ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው። ፊልሙ ጠፍቶ ከሆነ ታካሚው እንደ አዲስ ለወራት ክትትል፣ ለተጨማሪ ጨረርና አንዳንዴም ለማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ይዳረጋል።

በመሆኑም ስለ ምስል መሣሪያ ግዥ የሚወስኑ የሥራ ኃላፊዎች ከመሣሪያው ዋጋ ጎን ለጎን የሚያነብበውን የራዲዮሎጂ ሐኪም፣ የጥገና ውሉን፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉንና የምስል ማኅደሩን በአንድነት ሊያቅዱ ይገባል። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ ታካሚም ከሪፈር ወረቀቱ ጋር የቀድሞ ራጁን ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ ሊተገበር የሚችል አሠራር ነው።