የተማሪው ጾታ ሲቀየር ፍርዱ ለምን ይቀየራል?

እ.ኤ.አ. በ1969 ፈረንሳይን ለሁለት የከፈለ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር። ጋብሪኤል ሩሲዬ በማርሴይ ከተማ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነበረች። ዕድሜዋ 32፣ ከባሏ የተፋታች፣ የሁለት ልጆች እናት። ከ16 ዓመት ተማሪዋ ጋር ግንኙነት ጀመረች፤ ወላጆቹም ከሰሷት። እሷ እስር ቤት ገባች፣ ልጁን ደግሞ ወላጆቹ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አስገቡት። ፍርድ ቤቱ የ12 ወር እስራት በገደብ ፈረደባት። ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ ጠየቀ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ሕይወቷን አጠፋች።

ያኔ ብዙ ፈረንሳዊ የጠየቀው ይህንን ነበር፦ መምህሩ ወንድ፣ ተማሪዋ ሴት ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ይደርስ ነበር? ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1971 ታሪኩ ፊልም ሆነ፤ ሕዝቡም አለቀሰላት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ እሷ ነበር። ውጤት የሚሰጥ ሰው ከተማሪው ጋር እንዲህ መሆን ይገባዋል ወይ ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው።

ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1997 በዋሽንግተን ግዛት ሜሪ ኬይ ለቱርኖ የተባለች መምህርት ልጅን በመድፈር ጥፋተኛነቷን አመነች። ተማሪዋ ነገሩ ሲጀመር 12 ዓመቱ ነበር። ዳኛዋ ከ7 ዓመት በላይ ፈርደው፣ ከ6 ወሩ በቀር ሌላውን በገደብ አደረጉት። ከእስር በወጣች በሳምንታት ውስጥ ከልጁ ጋር ተያዘችና ሙሉውን እንድትፈጽም ተመለሰች። ጋዜጣው ግን «የተከለከለ ፍቅር» እያለ ይተርክ ነበር። ሰውዬው 34፣ ልጅቷ 12 ብትሆን ይህን ቃል የሚደፍር ነበር?

የእኛስ? በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 626ን ተመልከቱ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር ግንኙነት የፈጸመ ወንድ ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በዚያው ዕድሜ ካለ ወንድ ልጅ ጋር የፈጸመች ሴት ግን ቅጣቷ ከ7 ዓመት አይበልጥም። ልዩነቱ በሐሜት ብቻ ሳይሆን በሕግ መጽሐፍም ተጽፏል ማለት ነው።

ሥሩ አንድ ነው፤ ወንድ ሁሌ ፈላጊ፣ ሴት ሁሌ ተፈላጊ ናት የሚል እምነት። ይህ እምነት ሴት ልጅ ስትጎዳ «እሷ ናት ያሳሳተችው» ይላል፤ ወንድ ልጅ ሲጎዳ ደግሞ «ታድሎ!» ብሎ ይስቃል። በሁለቱም ልጁ ይወድቃል፣ አዋቂው ያመልጣል።

በአገራችን ብዙውን ጊዜ የምንሰማው የወንድ መምህርና የሴት ተማሪ ጉዳይ ነው፤ በሽምግልና የሚዳፈነውም ብዙ ነው። ስለ ወንድ ልጆች መናገር ይህን አያቃልለውም። እንዲያውም መለኪያው አንድ ሲሆን ነው «ያሳሳተችው እሷ ናት» የሚለው ሰበብ አፉን የሚዘጋው።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ የመምህሩን ጾታ አትጠይቁ። ማን አዋቂ ነበር? ማን ልጅ ነበር? እሱን ጠይቁ።