ከእንግዳ ጋር የሚመጣ ሕክምና

በጋምቤላ ከተማ፣ ብዙው ነዋሪ ኑዌር በሆነበት በኒውላንድ ሰፈር፣ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ፊት ላይ ሁለት ምልክት ይነበባል። አንዱ ግንባርን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ስድስት መስመር ነው፤ «ጋር» ይሉታል፣ ልጁ ለአቅመ አዳም መድረሱን ያበስራል። ሁለተኛው የሚታየው አፍ ሲከፈት ነው፤ የታች የፊት ጥርሶች የሉም። በልጅነት ሆን ተብሎ በስል ብረት ተነቅለዋል። ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ ከጎጂ ልማዶች ተርታ ተመዝግቦ ይታለፋል። ሕመሙና የደም መፍሰሱ እውነት ስለሆነ ልማዱን አልከላከልለትም። ነገር ግን የአካባቢውን የጤና ታሪክ ከዚህ መጀመር ተገቢ ነው እላለሁ፤ የኑዌር አፍ ባለሙያ አጥቶ እንደማያውቅ ያሳያልና። በየመንደሩ ጥርስ መንቀል የሚያውቅ፣ ሁሉም የሚያምነውና ቋንቋውን የሚናገር ሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ጋምቤላ የገባው ዘመናዊ ሕክምና ሁሉ የዚህን ሰው ቦታ ሳይተካ አልፏል።

ደገኛው አንባቢ ይህን የሩቅ ሰው ነገር አድርጎ እንዳያየው በራሱ መንደር የነበረውን ያስታውስ። እንጥል የሚቆርጠው፣ የሕፃኑን ግግ የሚያወጣው፣ የታመመ ጥርስ በጉጠት የሚነቅለው ወጌሻ በጎጃምም በወሎም የታወቀ ነው። ልዩነቱ ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው፤ በደጋው ከተሞች ከወጌሻው ጎን የጥርስ ክሊኒክ ተከፈተ፣ ገንዘብ ያለው መምረጥ ቻለ። በጋምቤላ ግን ምርጫው ለብዙው ሰው ሳይመጣ ቀረ። ለምን ቀረ ቢባል፣ መልሱ ሕክምና ወደዚያ ምድር በማን ዓላማ እንደገባ በመመልከት ይገኛል።

መጀመሪያ የገባው በወንዝ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ ባሮን ተከትሎ ከሁለት ሺህ ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቆረቆረ፤ ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሳው መርከብ ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመጣ፣ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋ ነበር። ሐኪምም በዚሁ መስመር አለፈ። በሶባት ዳር በናስር ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1911 ዓ.ም. ገደማ በጋምቤላ በኩል ወጥቶ ሥራውን በደምቢ ዶሎ ጀመረ፤ ቆይቶም አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል አቋቋመ። ለባሮ ዳር ሰው ጋምቤላ መተላለፊያ ሆና ቀረች፤ ቡናው ወደ ታች፣ ሐኪሙ ወደ ላይ ተጓዘ። በኋላ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በፖክዎ በአኙዋ መካከል ክሊኒክ ከፈተ። ይህ ለነዋሪው የቀረበ ሥራ ነበር፤ ዕድሜው ግን በሚሲዮኑ ዕድሜ የተወሰነ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የስደተኛ ሕክምና ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ኢታንግ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሱዳናውያን የሰፈሩባት፣ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት መጠለያዎች አንዷ ነበረች። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ስደተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሱዳን ተመለሰ፤ ሕክምናውም አብሮት ተነሣ። በታኅሣሥ 2006 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ ታሪኩ በኩሌ፣ በቲርኪዲና በጄዊ ተደገመ። በ1999ኙ ቆጠራ 307,096 ሕዝብ የነበረው ክልል ከዚህ ቁጥር ጋር የሚስተካከል ስደተኛ ተቀበለ። ኩሌ ውስጥ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሠሩት ብዙ ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ስደተኛው በሀገሪቱ የጤና አገልግሎት እንዲጠቀም መብት ሰጥቷል። ሆኖም ለአደጋ ጊዜ የተመደበ ገንዘብ ኮሌራን፣ ኩፍኝንና የሕፃናትን የምግብ እጥረት ያሳድዳል። የጥርስ ሕመም ወረርሽኝ ስለማይሆን ገንዘቡ አይደርሰውም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሕዝቡ ከብት ተከትሎ ይንቀሳቀሳል፣ ወንዙ ሞልቶ መንደር ያጥለቀልቃል፣ መንገድ የለም፤ እንዲህ ባለ ምድር ቋሚ አገልግሎት መዘርጋት አይቻልም ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሆነው ጊኒ ዎርም የተባለውን የትል በሽታ የማጥፋት ዘመቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. አካባቢ ዘመቻው ሲጀመር በሀገሪቱ በአንድ ዓመት 1,252 ሰዎች ታመው ተመዝግበዋል። በሽታው በመጨረሻ የመሸገው ጋምቤላ ውስጥ፣ በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች ነው። ያንን ትል ያሳደደው ከከተማ የተላከ ስፔሻሊስት ሳይሆን በየመንደሩ የተመረጠ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ከቤት ቤት እየዞረ የታመመውን ይጠይቃል፣ የውኃ ማጣሪያ ጨርቅ ያድላል፣ ኩሬ በመድኃኒት እንዲታከም ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢትዮጵያ አንድም ሰው አልታመመም። በሽታው በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ አሁንም ስለሚታይ ዘብ መቆሙ አልተቋረጠም። መንገድ የሌለበት፣ ጎርፍ የሚበዛበት ያው ምድር ነው። ስለዚህ «አይደረስም» የሚለው ቃል ለጋምቤላ አይሠራም፤ የሚደርስ ሰው ከዚያው ሲመረጥ ይደረሳል።

መንግሥት ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ከአካባቢው የተመረጡ ሁለት ሠራተኞች የማሰማራት ሐሳብ ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ 16 ፓኬጆች ውስጥ መጸዳጃ ቤት አለ፣ ክትባት አለ፣ ወባ አለ፤ ጥርስ የለም። ወባና ኤች አይ ቪ በሚገድሉበት ክልል ጥርስ ቅንጦት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። በእርግጥ በ2003ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጋምቤላ የኤች አይ ቪ ስርጭት 6.5 በመቶ፣ የሀገሪቱ ደግሞ 1.5 በመቶ ነበር። እኔ ግን ከዚሁ ቁጥር ተቃራኒውን እደመድማለሁ። የኤች አይ ቪ ቀዳሚ ምልክቶች ብዙ ጊዜ በአፍ ውስጥ ይታያሉ፤ በምላስ ላይ የሚወጣውን ነጭ ፈንገስ የሚያውቅ ዐይን በሽተኛውን በጊዜ ወደ ምርመራ ይመራዋል። በደም የተነከረ ያልተቀቀለ ብረት ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዞር የሚያስተላልፈው በሽታም ቀላል አይደለም። በምግብ እጥረት የተጎዳን ሕፃን ጉንጭ የሚበላው ኖማ የሚጀምረው ከድድ ቁስል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ ሐሩራማ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው።

ሕዝቡ ራሱ ለጥርሱ ደንታ የለውም የሚለው ክርክርም አያስኬድም። በአሜሪካ ኔብራስካ የሰፈሩ ዲንካዎችና ኑዌሮች በልጅነት የተነቀለባቸውን ጥርስ ለማስተካት እንደሚሹ አጥኚዎች ዘግበዋል። ዕድሉ ሲቀርብ ፍላጎቱ አለ ማለት ነው።

የቀረው ጥያቄ የጥርስ ሐኪም ጋምቤላ ላይ አይቆይም የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ከሌላ ቦታ የተመደበ ባለሙያ ዓይኑ ዝውውር ላይ ነው። ሀገሪቱ ግን ይህን ችግር ድሮ አንድ ጊዜ ፈትታዋለች፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም ባልነበረበት ገጠር የሚሠሩ ጤና መኮንኖችን ያወጣ ነበር። ለጥርስም በመካከለኛ ደረጃ የሠለጠነ፣ ማደንዘዝ፣ መንቀልና መሙላት የሚችል ባለሙያ ይበቃል። ከየት መመልመሉ ደግሞ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በጥር 2008 በአኙዋና በኑዌር መካከል ግጭት ተነሥቶ ከተማዋ በሰፈር ስትከፈል፣ በእግር የሚደረስ ሆስፒታል ለፈራ ሰው ከሌላ ሀገር ይልቅ ይርቅ ነበር። ስለዚህ ኒውላንድ ኑዌርኛ የሚናገር፣ ጎግ አኙዋክኛ የሚናገር፣ መዠንግር ዞንም የራሱን ልጅ ይሻል፤ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ወንበር፣ አንድ የመሣሪያ መቀቀያና የማያልቅ ማደንዘዣ። የክልሉ ጤና ቢሮና የጤና ሚኒስቴር የሚቀጥለውን የጥርስ ሕክምና ሠልጣኞች ምልመላ ከእነዚህ ሰፈሮችና ወረዳዎች እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ።