የቤት ኮምፒውተር ፋየርዎል

ፋየርዎል ወደ ኮምፒውተር የሚገባውንና ከኮምፒውተር የሚወጣውን የኔትወርክ ግንኙነት በተሰጡት ደንቦች መሠረት የሚያሳልፍ ወይም የሚከለክል ሶፍትዌር ወይም መሣሪያ ነው። ስሙ የተወሰደው እሳት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይዛመት ከሚሠራ የሕንፃ ግድግዳ ሲሆን፣ በአማርኛ አንዳንድ ጊዜ «ኬላ» ይባላል። ሥራውም ከኬላ ጋር ይመሳሰላል፦ ጠባቂው መንገደኛው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል እንጂ ጭነቱን ሁሉ አይፈታም። ይህ መጣጥፍ በቤት ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራው የሶፍትዌር ፋየርዎል ነው።

አሠራር

በኢንተርኔት የሚተላለፍ መረጃ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። እያንዳንዱ ፓኬት የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ፣ በአብዛኛውም የፖርት ቁጥር ይይዛል። ፖርት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ግንኙነታቸው እንዳይደባለቅ የሚለዩበት፣ ከ0 እስከ 65,535 የሚደርስ ቁጥር ነው። ለምሳሌ የተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት በተለምዶ በ443፣ የዊንዶውስ ፋይል መጋራት በ445፣ ዊንዶውስን ከርቀት መቆጣጠር ደግሞ በ3389 ይሠራል።

የዛሬዎቹ ፋየርዎሎች የተጀመረን ግንኙነት ያስታውሳሉ። ተጠቃሚው ራሱ ድረ ገጽ ሲከፍት መልሱ እንዲገባ ይፈቀዳል፤ ሳይጠራ ከውጭ የመጣ ጥያቄ ግን የሚፈቅድለት ደንብ ከሌለ ይጣላል። የቤት ራውተርም ከውጭ የሚመጣውን ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። ይሁን እንጂ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርስ መገናኘት ስለሚችሉ፣ በካፌ፣ በሆቴል ወይም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚከፈት ላፕቶፕ የራሱ ፋየርዎል ያስፈልገዋል።

ታሪክ

የፋየርዎል አሳብ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተነሣ። በኅዳር 1988 እ.ኤ.አ. የሞሪስ ትል የተባለው ፕሮግራም በጊዜው ትንሽ በነበረው ኢንተርኔት ላይ መዛመቱ የጥበቃን አስፈላጊነት አሳየ። ያን ጊዜ ፋየርዎል በዋናነት የተቋማት መሣሪያ ነበር።

በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ፋየርዎል ቢኖረውም በነባሪ የተዘጋ ነበር። በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ብላስተር የተባለው ትል በፖርት 135 በኩል እየገባ፣ ባለቤቱ ምንም ፋይል ሳይከፍት፣ እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ማይክሮሶፍት በነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሁለተኛው የኤክስፒ ማሻሻያ ጥቅል ፋየርዎሉ በነባሪ እንዲሠራ አደረገ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋናክራይ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያጠቃው በፖርት 445 በኩል ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ጉዳቱ የደረሰው ማሻሻያውን ባልጫኑት ላይ ነው።

በዊንዶውስ

በዊንዶውስ 10 እና 11 ፋየርዎሉ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» በሚለው ፕሮግራም ውስጥ «ፋየርዎል ኤንድ ኔትወርክ ፕሮቴክሽን» በሚለው ገጽ ይገኛል። ገጹ ሦስት የኔትወርክ ዓይነቶች ያሳያል፦ ዶሜይን (የመሥሪያ ቤት)፣ ፕራይቬት (የቤት) እና ፐብሊክ (የሕዝብ)። በሦስቱም ላይ ፋየርዎሉ መከፈቱን ማረጋገጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የማይታወቅ ዋይፋይ ሁሉ «ፐብሊክ» ተብሎ መመዝገብ አለበት።

በነባሪው አሠራር ያልተፈቀደ ገቢ ግንኙነት ይከለከላል፤ ወጪ ግንኙነት ግን ይፈቀዳል። አንድ ፕሮግራም ከውጭ ጥሪ ለመቀበል ሲሞክር ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት ሊወጣ ይችላል። ፕሮግራሙ የማይታወቅ ከሆነ አለመፍቀድ ይመረጣል።

በሊኑክስና በማክ

በኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው የተባለው ፋየርዎል ተጭኖ ቢመጣም ተጠቃሚው ራሱ እስኪያስነሳው አይሠራም። ሲነሳ ገቢውን ይከለክላል፣ ወጪውን ይፈቅዳል። ኮምፒውተሩን በኤስኤስኤች ከርቀት የሚጠቀም ሰው ፋየርዎሉን ከማስነሳቱ በፊት ፖርት 22ን መፍቀድ አለበት፤ አለበለዚያ ራሱን በውጭ ይቆልፋል። በማክ ላይ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ፣ «ኔትወርክ» በሚለው ሥር ይገኛል፤ የሚቆጣጠረውም ገቢ ግንኙነትን ብቻ ነው።

ደንቦችን ማስተዳደር

ፋየርዎል አንዴ ተከፍቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። የተለመዱት የአያያዝ ልምዶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የተፈቀዱ ፕሮግራሞችን ዝርዝር አልፎ አልፎ መመርመርና የማይሠራባቸውን ማስወጣት።
• ለጨዋታ ወይም ለፋይል ልውውጥ ሲባል ፋየርዎሉን በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ መፍቀድ።
• ሁለት ፋየርዎሎችን ጎን ለጎን አለማሠራት፤ ደንቦቻቸው ሊጋጩ ይችላሉ።
• በዊንዶውስ የመከልከያ ደንብ በአብዛኛው የፍቃድ ደንብን እንደሚሽር ማወቅ፤ አንድ ፕሮግራም ተፈቅዶለትም አልገናኝ ካለ መጀመሪያ የሚታየው የመከልከያ ደንብ መኖሩ ነው።
• ደንቦቹ ከተደበላለቁ ወደ ነባሪው መመለስና እንደገና መጀመር።
• ያለ ፈቃድ የተባዛ ሶፍትዌር ለመጫን «መጀመሪያ ፋየርዎሉን ዝጉ» የሚል መመሪያ ከመጣ አለመቀበል።

ፋየርዎል የማይከላከለው

በነባሪው አሠራር ፋየርዎል የሚያስቆመው ሳይጠራ የሚመጣውን ነው። ባለቤቱ በራሱ እጅ የከፈተውን የኢሜይል አባሪ ወይም በፍላሽ ዲስክ የገባን ቫይረስ አይመረምርም። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት መካከል «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የተመዘገበ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ያቀረበው ክስ ይገኛል። ከሳሹ የሜሪላንድ ነዋሪ ነበር። ክሱ እንደሚያትተው ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በተላከ የወርድ ሰነድ ተሸፍኖ በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ፤ ከ2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. የስካይፕ ጥሪዎቹን እየቀዳ በኢትዮጵያ ወደሚገኝ ሰርቨር ይልክ ነበር።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጥሪ አይጠብቅም፤ ከውስጥ ሆኖ ራሱ ይደውላል። ወጪውን ሁሉ የሚፈቅድ ፋየርዎል ይህን ከተራ የኢንተርኔት አጠቃቀም አይለየውም። በወጪ ላይ ደንብ ማውጣት ቢቻልም የተፈቀዱ ፕሮግራሞችን ተገን የሚያደርግ ሰላይ ሊያልፈው ይችላል። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ክሱን ሲዘጋ፣ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱም ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሳም የሚል ነበር። የስለላው ውንጀላ እውነት መሆን አለመሆኑ በፍርድ ቤት ሳይመረመር ቀረ።

በመሆኑም ፋየርዎል ከሶፍትዌር ማሻሻያ፣ ከጸረ ቫይረስና ያልተጠበቀን አባሪ ላኪውን በስልክ ሳይጠይቁ ካለመክፈት ጋር አብሮ ይሠራል።

በኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መግባትን፣ ጠለፋንና በመረጃ ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀል ያስቀጣል። በአገር ደረጃ የሳይበር ደህንነትን የሚመራው ተቋም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው።