ጭብጣዊ ትንተና፦ ጭብጡን የሚመሠርተው ማን ነው?

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም ይከናወኑ የነበሩት ወሊዶች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26 ከፍ ብለው በ2019 48 ገደማ ደርሰዋል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ቁጥሩም ማንም ሊንቀው የማይገባ ማስረጃ ነው። ሆኖም ቤቷ የወለደችው ሴት ለምን ቤቷን እንደመረጠች፣ ጤና ጣቢያ የሄደችውም በሚቀጥለው ጊዜ ለመሄድ ለምን እንደምታመነታ ከመቶኛው ውስጥ አናገኘውም። ይህን ለማወቅ ሴቶቹን ቁጭ ብሎ ማነጋገር ያስፈልጋል። 20 እናቶች እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ያህል ቢናገሩና ድምፁ ወደ ጽሑፍ ቢገለበጥ ግን ተመራማሪው እጅ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ይከማቻሉ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ተነሥቶ በማስረጃ ወደሚቆም ትርጓሜ የሚደረስበት አንዱ መንገድ «ጭብጣዊ ትንተና» የምንለው ነው።

ጭብጣዊ ትንተና ዓይነታዊ መረጃን፣ ማለትም ቃለ መጠይቅን፣ የቡድን ውይይትን፣ ደብዳቤንና የመሳሰለውን፣ ደጋግሞ በማንበብ በውስጡ የሚመላለሱ የትርጉም ፈርጆችን ለይቶ የማውጣትና የማብራራት ዘዴ ነው። ሥራው ከዚህም በፊት በተለያየ ስም ይሠራበት ነበር፤ ሪቻርድ ቦያትዚስም እ.ኤ.አ. በ1998 ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፎበታል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚጠቀሰውን መልኩን ያገኘው ግን የኒው ዚላንዷ ቨርጂኒያ ብራውንና የእንግሊዟ ቪክቶሪያ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሁለቱ የሥነ ልቦና ምሁራን ሥራውን በስድስት ደረጃ አስቀመጡት፦ መረጃውን መላመድ፣ ኮድ (ለንግግሩ ክፍሎች አጭር መለያ) መስጠት፣ ጭብጥ መፈለግ፣ ጭብጡን መልሶ መፈተሽ፣ ጭብጡን መበየንና መሰየም፣ በመጨረሻም መጻፍ። ደረጃዎቹ በቃል ለመያዝ ስለሚቀሉ በብዛት ተጠቀሱ፤ ከደረጃዎቹ በታች ያለው ሐሳብ ግን የዚያን ያህል አልተነበበም።

ሐሳቡን ለመያዝ አማርኛው ራሱ ይረዳናል። «ጭብጥ» ከ«ጨበጠ» የወጣ ነው፤ በሥነ ጽሑፍ ሒስም የድርሰትን ማዕከላዊ ሐሳብ እንለዋለን። ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የፍርድ ቤቱ አጠቃቀም ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ዳኛው የከሳሹን አቤቱታና የተከሳሹን መልስ ከሰማ በኋላ ጭብጥ ይመሠርታል። አንዱ ወገን የሚለውና ሌላው የሚክደው ነጥብ የቱ ነው? ውሳኔ የሚሻውስ ጥያቄ የቱ ነው? ጭብጡ ከተከራካሪዎቹ ቃል ውጭ ሊፈጠር አይችልም፤ ነገር ግን ዳኛው ካልመሠረተው በቀር በመዝገቡ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም። ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ሊያሻሽለውም ይችላል። ተመራማሪውም እንዲሁ ነው። የጭብጣዊ ትንተና ፍሬ ነገሩ ይህ ይመስለኛል፦ ጭብጥ ተመራማሪው ከተናጋሪዎቹ ቃል ተነሥቶ የሚመሠርተው የትርጓሜ አቋም ነው፤ ስለዚህም ተጠያቂው እሱ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንዲት እናት እንዲህ አለች እንበል፦ «ጤና ጣቢያውስ ጥሩ ነው፤ ግን ማን አብሮኝ ይገባል? እናቴን በር ላይ ነው የሚያስቀሯት። ቤት ብሆን ጎረቤቱ ሁሉ ማርያም ማርያም ይልልኛል፣ ገንፎውም ይገነፋል። እዚያ ስጮህ ደግሞ ይታዘቡኛል።» ኮድ የሚሰጠው ሰው ከዚህ ላይ «አብሮ የሚገባ ሰው ማጣት»፣ «የእናት በር ላይ መቅረት»፣ «የጎረቤት ጸሎት»፣ «የገንፎ ሥርዓት»፣ «ትዝብትን መፍራት» የሚሉ አጫጭር መለያዎችን በኅዳጉ ላይ ይጽፋል። የሌሎቹን ሴቶች ቃልም እንዲሁ ካደረገ በኋላ ቀላሉ ነገር ሁሉንም ሰብስቦ «ባህላዊ እንቅፋቶች» የሚል ርእስ መስጠት ነው። ይህ ግን ርእሰ ጉዳይ እንጂ ጭብጥ አይደለም፤ መረጃው ስለምን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ምን እንደሚል አይነግረንም። «ምጥ ከሰው ጋር የሚወጡት ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያው ግን ሴቲቱን ብቻዋን ይቀበላታል» ብንል ግን አቋም ይዘናል። ልዩነቱ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያው ስያሜ ጥፋቱን ሴቲቱ ላይ አድርጎ «ትማር» ወደሚል ምክር ይወስዳል። ሁለተኛው በሩ ላይ የቀረችውን እናት ያሳየንና ተቋሙ አሠራሩን እንዲመረምር ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ ሌላ ሴት መጥታ «ጤና ጣቢያ የሄድኩት ከጎረቤት ዓይን ለመሸሽ ነው» ብትልስ? ደካማ ትንተና ይህችን ሴት በዝምታ ያልፋታል። ጥሩ ትንተና ግን በእሷ ምክንያት ጭብጡን እንደገና ይመሠርታል፦ ጥያቄው ሰው መኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ ማን አጠገቧ እንደሚሆን የምትመርጠው ሴቲቱ መሆን አለመሆኗ ነው። አራተኛው ደረጃ፣ መልሶ መፈተሹ፣ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ከስድስቱም ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እሱ ነው፤ በችኮላ የሚታለፈውም እሱ ነው።

በመመረቂያ ጽሑፎች ዘወትር የምናነበው «ከመረጃው የሚከተሉት ጭብጦች ብቅ አሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚያሳስበኝ ስለዚህ ነው። ብራውንና ክላርክ ይህን አነጋገር ገና በ2006 ተቃውመውታል፤ የኋላ ጽሑፎቻቸውም ዘዴያቸውን ተመራማሪው የራሱን ሚና አብሮ የሚመረምርበት ትንተና ብለው ለይተውታል። ጭብጥ በራሱ ብቅ ካለ ስለ ስያሜው ማንም አይጠየቅም። ከዚህ የባሰው ደግሞ «መንስኤዎች»፣ «ተግዳሮቶች»፣ «መፍትሔዎች» የሚሉ ጭብጦች ናቸው። እነዚህ የቃለ መጠይቁ ጥያቄዎች ራሳቸው ናቸው፤ ተመራማሪው ይዟቸው ሄዶ ይዟቸው ተመልሷል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው። ጭብጡን የሚመሠርተው ተመራማሪው ከሆነ፣ የፈለገውን እንዳይመሠርት ምን ይከለክለዋል? ቦያትዚስን የሚከተሉት መልሳቸው ሁለት ሰዎች ለየብቻ ኮድ ሰጥተው ስምምነታቸው በቁጥር ይለካ የሚል ነው። ብዙ ሰው በአንድ የኮድ መዝገብ በሚሠራበት ትልቅ ጥናት ይህ ይጠቅማል፤ አልክደውም። ነገር ግን በአንድ መዝገብ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች መስማማታቸው የሚያረጋግጠው ሥልጠናው መሥራቱን እንጂ ንባባቸው ጥልቅ መሆኑን አይደለም። ሁለቱም የገንፎውን ነገር «ባህል» ብለው ቢያልፉት ስምምነታቸው ፍጹም ይሆናል፤ ሴቲቱ የተናገረችው ግን አሁንም አልተሰማም። እኔ የምተማመነው በሚታይ መንገድ ነው፦ ኮዱ ከየትኛው ቃል እንደተነሣ፣ ጭብጡ ስንቴ እንደተለወጠና በየትኛው ተናጋሪ ምክንያት እንደተለወጠ፣ ተመራማሪውስ ማን እንደሆነ ተጽፎ ሲገኝ አንባቢው መርምሮ ሊቃወም ይችላል። ጤና ባለሙያ የሆነ ተመራማሪ በር ላይ ስለቀረችው እናት ሲጽፍ ከበሩ በየትኛው በኩል ቆሞ እንደሚጽፍ አንባቢው ማወቅ አለበት።

የተጠያቂዎች ማነስም ይነሣል። ግሬግ ጌስትና ባልደረቦቹ በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳተሙት፣ አዲስ ኮድ መገኘቱ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ በአብዛኛው አብቅቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ 12 እንደ ቀመር ሲጠቀስ ይታያል፤ ጥናቱ ግን በአንድ ዓይነት ጉዳይ ላይ ተቀራራቢ ሴቶችን ያነጋገረ ነው። ጭብጣዊ ትንተና «ስንቱ» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ እሱን ለሕዝብ ቆጠራና ለናሙና ጥናት እንተወው።

ለአገራችን ተመራማሪ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቋንቋው ያሳስበኛል። ሴቲቱ በአማርኛ ትናገራለች፣ ቃሏ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፣ ኮድ የሚሰጠውም ለትርጉሙ ነው። «ይታዘቡኛል» በእንግሊዝኛ ወይ ወደ ሐፍረት ወይ ወደ ፍርሃት ይጠጋል። ትዝብት ግን ሁለቱም አይደለም፤ ዝም ብሎ አይቶ ልብ የሚል ሰው አለበት፣ ነገ ደግሞ ቡና ላይ ሊነሣ ይችላል። ትርጉሙ ከቀደመ ይህ ኮድ ከመወለዱ በፊት ጠፍቷል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ ከመነሻው በእንግሊዝኛ መሥራት ይቀላል የሚሉ አሉ። የሚቀርበው ግን ከመቶዎቹ ገጾች የተመረጡ ጥቂት ጥቅሶች ነው፤ እነሱን መጨረሻ ላይ በጥንቃቄ መተርጎም ሁሉን ከመተርጎም ያነሰ ድካም አለው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ኮምፒውተሩም ሰበብ መሆኑ ቀርቷል፤ የታተመ ወረቀትና ባለ ቀለም እስክሪብቶም ቢሆን ለ20 ቃለ መጠይቅ ይበቃል። ኮዱና ጭብጡ በአማርኛ ተሰይመው፣ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ «ትዝብት» እንዳለ ተቀምጦ በአንድ አንቀጽ ቢብራራ የመመረቂያ ጽሑፉ ፈታኝ የሚያጣው ነገር የለም።