አሞሌ፣ ማርትሬዛና የነጋዴ አባቶቻችን ሒሳብ

ዛሬ አንድ ዓይነት ገንዘብ ይዘን ገበያ እንወጣለን። ነጋዴ አባቶቻችን ግን ይህን አልታደሉም። ከምጽዋ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ እስከ ሊሙና ጅማ የሚዘልቀው የጀበርቲ ነጋዴ ብርም ጨውም እንደ ገንዘብ ይዞ ይጓዝ ነበር።

ብሩ ማርትሬዛ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም ገንዘቧ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ነው። ሻጩ ገልብጦ ያየዋል፤ የደረት ጌጧ ነጠብጣቦች ከተፋቁ አይቀበልም።

ነገር ግን ማርትሬዛ ለእፍኝ በርበሬ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። ለዚያ አሞሌ አለ፤ ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ ጨው። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ዝናብ ያሟሟዋል፣ ጭነት ይሰብረዋል፤ ስለዚህ በልጥ ይታሰራል። የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉው አይቆጠርም።

ነገሩ ዲናችንን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ጨው ከወርቅ፣ ከብር፣ ከስንዴ፣ ከገብስና ከተምር ጋር በሐዲሥ በስም ከተጠቀሱት ስድስት ነገሮች አንዱ ነው። ጨው በጨው ሲለወጥ እኩል በእኩል፣ እጅ በእጅ መሆን አለበት። ታዲያ ሁለት የተሸረፉ አሞሌዎችን ሰጥቶ አንድ ሙሉ መውሰድ፣ ክብደቱ ካልተካከለ፣ ለገበያተኛው ተራ ምንዛሪ ቢመስልም በሸሪዓ ሪባ ነው። መውጫው የተሸረፈውን በብር ሸጦ በዚያው ብር ሙሉውን መግዛት ነው።

የባሰው ፈተና ብር በብር ሲለወጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበትን ብራቸውን ፓሪስ ሲያስመቱ ክብደቱን ከማርትሬዛ ጋር አስተካክለውት ነበር። ገበያው ግን የለመደውን ሙጭጭ አለ፤ በብዙ ቦታ የምኒልክን ብር በማርትሬዛ ልክ አልቀበልም አለ። ሚዛናቸው አንድ የሆነ ሁለት ብሮችን በጭማሪ መለወጥ ያው ሪባ ነው። በእኔ አስተያየት ከጨው ይልቅ እዚህ መሳሳት ይቀላል፤ መልካቸው ስለሚለያይ ዓይን ይታለላልና።

ዘካም በዚሁ ይሰላል። የብር ኒሷብ 200 ዲርሃም፣ በብዙዎች ስሌት 595 ግራም ነው። እንግዲህ 26 ማርትሬዛ ይዞ ዓመት የዞረበት ሰው ዘካ አለበት ማለት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸነፍ የእሱ ሊሬ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒ፣ የግብፅ ፓውንድና ማርትሬዛ በአንድ አገር ገበያ ተገናኙ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ አንዱ ብር በ2 ሽልንግ ሒሳብ። ማርትሬዛ ግን ከገጠር ቶሎ አልጠፋም። አንዳንዱ ከማሰሮ ጋር ተቀበረ፣ አንዳንዱም አንጥረኛ ዘንድ ቀልጦ የሙሽራ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆነ።